ብርጭቆው የጠጣ ዕለት

ነገሩ የተበላሸው ገና ከመጀመሪያው ቃል ነው። የባለቤቴ የእህት ልጅ ሻንጣዋን ገላን ኮንዶሚኒየም ካለው ቤታችን ሳሎን አስቀመጠችና፣ ውሃ እንኳ ሳትቀምስ፣ "ጋሼ፣ ጋዝ ድንጋይ ውስጥ ገብቶ ፈሳሽ ሲሆን መለካት እፈልጋለሁ፤ እዚሁ ቤት ውስጥ" አለችኝ። እኔ ገባኝ። ባለቤቴም ገባት፤ የገባት ግን ሌላ ነው። እሷ ጋዝ ሲባል የምታውቀው ድሮ ጀሪካን ይዘን ተሰልፈን የምንገዛውን፣ ፋኖስና ምድጃ የምንሞላበትን ነጭ ጋዝ ነው። ብድግ ብላ ወጥ ቤት ገባች፤ ክብሪቱን ይዛ ተመለሰችና ደረቷ ውስጥ ወሸቀችው።

"እዚህ ቤት ጋዝ አይገባም" አለች። "ከሦስተኛ ፎቅ በየት ልናመልጥ ነው? እሱ እንደሆነ በሩን ከማግኘቱ በፊት መነጽሩን ይፈልጋል።"

"እሱ" እኔ ነኝ።

"አክስቴ፣ ያ ጋዝ አይደለም እኮ" አለች ልጅቷ እየሳቀች። "አየር ውስጥ ያለ ውሃ ነው፤ የማይታይ።"

"ውሃ ከሆነ ለምን ጋዝ ትይዋለሽ?"

"ስለማይታይ ነዋ።"

"እንዲያ ከሆነማ የኛ ቧንቧ ሳምንቱን ሙሉ ጋዝ ነው የሚያወርደው በይኛ!"

ክብሪቱ ግን ለጊዜው ከደረቷ አልወጣም።

ልጅቷ ከአዲስ አበባ ራቅ ባለች ከተማ የሳይንስ አስተማሪ ናት። ለሁለተኛ ዲግሪ የትምህርት ፈቃድ አግኝታ መጥታ፣ ሁሉንም ጨርሳ፣ የቀራት የመመረቂያ ጽሑፏ ብቻ ነበር፤ በዚህ በኛ አካባቢ ለግንባታ የሚቆፈሩት ድንጋዮች ከአየር ላይ ምን ያህል እርጥበት ይሰበስባሉ የሚል። ይህንን የሚለካው መሣሪያ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ነበር፤ ተበላሸ። መለዋወጫው ከውጭ አገር እየመጣ ነው ይባላል። እኔ ሥራ ላይ በነበርኩበት ዘመንም መለዋወጫ እየመጣ ነበር፤ ምናልባት ያው እሱ ይሆናል። አማካሪዋ፣ ደግ ግን ቆፍጠን ያለች ሴት፣ "በቀላል ዕቃም ቢሆን ለክተሽ አምጪ፤ ልኬቱ የሚታመን ከሆነ እቀበላለሁ" ብላታለች። ሴሚስተሩ ሳያልቅ ካላቀረበች ግን ፈቃዱ ያበቃል፤ ያለ ዲግሪ ወደ ትምህርት ቤቷ ትመለሳለች። ሁለተኛ ፈቃድ የሚባል ነገር የለም። ይህንን ስትነግረኝ እጇ የሻንጣውን ዚፕ ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ይከፍታል።

እኔ ጋ የመጣችው ሊቅ ስለሆንኩ አይደለም። በወጣትነቴ አቃቂ ውስጥ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ገብቼ፣ ፀጉሬ እስኪያልቅ እዚያው ሠርቻለሁ። ነጭ ጋዋን ስለብስ ያየኝ ሁሉ ዶክተር ይለኝ ነበር፤ እኔም አላርምም ነበር። ሥራዬ ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ነገር ነው፤ ጥጥ መመዘን። ጥጥ ከአየር ላይ ውሃ ይሰርቃል። ዝናባማ ቀን የተመዘነና ፀሐያማ ቀን የተመዘነ ጥጥ ክብደታቸው አንድ አይደለም፤ ስለዚህ ፋብሪካው ጥጥ ገዛሁ ብሎ ውሃ እንዳይገዛ፣ እኔ ጥጡን በምድጃ አድርቄ እመዝናለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ይኸው ነው። ቀጭን ሆኜ ገብቼ ወፍራም ሆኜ ወጣሁ፤ የጥጡን እንጂ የራሴን ክብደት የሚቆጣጠር አልነበረም። እንግዲህ ጥጥ ውሃ ይሰርቃል ያልኩትን ያዙልኝ፤ እኔ አልያዝኩትምና።

ዘዴው ቀላል ነው። አፈ ሰፊ ጠርሙስ ታመጣለህ። ጨው እስኪጠግብ ድረስ የበጠበጥክበትን ውሃ በሰሃን አድርገህ ታቹ ታስቀምጣለህ። ክዳኑን ስትገጥም ከውሃው በላይ ያለው አየር ምንጊዜም በአንድ ልክ ይረጥባል። የጨዉን ዓይነት ከለወጥክ የአየሩም እርጥበት ይለወጣል፤ አንዱ ጨው አየሩን ደረቅ ያደርገዋል፣ የወጥ ቤቱ ጨው መካከለኛ፣ ሌላው ደግሞ የክረምት ጠዋት ያስመስለዋል። እሷ የጨው ዓይነቶቿን በትንንሽ ላስቲክ ቋጥራ፣ ቅመም ይመስል ደርድራ ይዛ መጥታለች። እንግዲህ ደረቅ ድንጋይ ከውሃው በላይ አንጠልጥለህ ትተወዋለህ። አየር ውስጥ ያለው የማይታይ ውሃ ድንጋዩ ውስጥ ዓይን የማይደርስባቸው ጠባብ ቀዳዳዎች ያገኛል፤ እዚያ ሲገባ ጤዛ ይሆናል። ውጪ ላይ ገና ምንም ጤዛ ሳይኖር! ቀዳዳው ሲጠብ ጋዙ ቶሎ እጁን ይሰጣል። ድንጋዩ በዚያው ልክ ይከብዳል፤ ትመዝነዋለህ። ከደረቁ አየር ወደ እርጥቡ ትሄዳለህ፣ ከእርጥቡ ወደ ደረቁ ትመለሳለህ። ድንጋዩ ሲመለስ የጠጣውን ቶሎ አይለቅም፤ ይንቀረፈፋል። ልጅቷ የሚያስፈልጋት እነዚህ ሁለት መስመሮች ናቸው፤ የመሄጃውና የመመለሻው።

ባለቤቴ የገባት በሌላ መንገድ ነው። "ማለት" አለች፣ "ዝናብ ሲጥል የቱሉ ዲምቱ ሚኒባስ ውስጥ ተጣበን ስንቀመጥ መስኮቱ እንደሚያልበው?"

"ልክ እንደሱ ባይሆንም..." ብላ ልጅቷ ልታብራራ ስትጀምር፣ እኔ እግሯን ረገጥ አደረግኩ። አንዴ የገባውን ሰው አይነኩም።

ሚዛኑን ያገኘሁት ከላይኛው ፎቅ ጎረቤታችን ነው። ወሎዬ ነው፤ ሳሪስ ወርቅ ቤት አለው። ዛሬ ወርቅ የሚመዝነው በባትሪ ሚዛን ነው፤ የአባቱን ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ግን በጨርቅ ጠቅልሎ አልጋው ሥር አስቀምጦታል።

"ምን ሊመዝኑበት ነው ጋሼ?" አለኝ።

"ድንጋይ።"

"ወላሂ ይሄ ሚዛን ከወርቅ ሌላ ነክቶ አያውቅም!"

"በስተርጅናው ይልመዳ። እኔስ በስተርጅና ስንቱን ለመድኩ።"

"እሺ፣ ድንጋዩ ውስጥ ምን አለ?"

"ጋዝ" አልኩት፤ ሆን ብዬ።

በሩን ገርበብ አደረገ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ብዙ ነው?" አለኝ።

"ገና እየለካን ነው።"

"ቦታው ቱሉ ዲምቱ ጋ ነው?"

"ድንጋዩ ከዚያ አካባቢ ነው የመጣው።" ይህ ውሸት አይደለም።

"አብሽሩ ጋሼ፤ ከኔ አይወጣም" ብሎ ሚዛኑን ከነጨርቁ አስታቀፈኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደረጃ ላይ በተገናኘን ቁጥር ዓይኑን ጠቀስ ያደርግልኛል፤ እኔም መልሼ እጠቅሰዋለሁ። ሁለታችንም የምንጠቃቀሰው ስለተለያየ ነገር ነው።

ሚዛን ተገኘ፤ ቀጥሎ ቦታ። ጠርሙሱ ነፋስ የማይደርስበት፣ ሙቀቱ ከፍ ዝቅ የማይልበት ቦታ ይፈልጋል። እኛ ቤት እንዲህ ያለ ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ የባለቤቴ ቡፌ። ባለ መስታወት በር፣ ውስጡ ለእንግዳ ተብለው የተቀመጡ ብርጭቆዎች ያሉበት፤ ለእነሱ የሚመጥን እንግዳ ግን እስካሁን አልመጣም። ሚዛኑ ላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ ጠርሙሱ ታችኛው ላይ ይሆናል፤ ከሚዛኑ አንዱን ሳህን አውልቀን በምትኩ ክር እናስርና ክሩ በጠርሙሱ ክዳን ላይ በምንበሳት ጠባብ ቀዳዳ አልፎ ይወርዳል። ክሩ እንዲወርድ ደግሞ መደርደሪያው መበሳት አለበት። ባለቤቴ ለቅሶ ልትደርስ በሄደችበት ትራፓኖ ተዋስኩና በሳሁት። ትራፓኖ ይዤ ስለማላውቅ ቀዳዳው ክብ መሆን አልቻለም፤ ባቄላ መሰለ።

ስትመለስ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ቡፌው ፊት ቆመች።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ቀዳዳ ነው" አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

"ቀዳዳ መሆኑንማ አየሁ አንተ ሰውዬ! ምን ይሠራል እዚህ?"

"ለሳይንስ ነው።"

"ለሳይንስ ከሆነ የራስህን ቁም ሣጥን አትበሳም ነበር?"

"አክስቴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው" አለች ልጅቷ።

"አንቺ ዝም በይ፤ አንቺ ትምህርትሽ ነው። እሱ ግን ሰበብ አግኝቶ ነው! ይሄን ቡፌ ገና ስንገዛው ጀምሮ አይወደውም።"

እውነቷን ነው፤ አልወደውም።

መጀመሪያ የሰቀልነው ድንጋይ ቀዩን ነው፤ ግንበኞች ቀይ አሸዋ የሚሉት ዓይነት፣ ፊቱ ሁሉ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ። የሰቀልነው በዓሣ ማጥመጃ ናይሎን ነው። ልጅቷ ናይሎኑን የመረጠችው እርጥበት ብዙም ስለማይጠጣ ነው፤ እኔ የተስማማሁት ስላለኝ ነው። ቀዩ ድንጋይ ምንም አልጠጣም ማለት ይቻላል። ይሄም አላስደነቃትም፤ "ቀዳዳው ሰፊ ነው ጋሼ፤ ለዓይን የሚታይ ቀዳዳ ጋዙን አይዝም። ሚስጥሩ ያለው እዚያኛው ውስጥ ነው" አለችና አመድ የመሰለውን፣ ምንም ቀዳዳ የማይታይበትን ድንጋይ አሳየችኝ።

እዚያኛው ጋ ሳንደርስ የናይሎኑ ቋጠሮ ተፈታ። ናይሎን ለካ ቋጠሮ አይወድም። ምሳ እየበላን ሳለ ቡፌው ውስጥ "ጧ!" አለ፤ ድንጋዩ ወርዶ የጠርሙሱን ቂጥ ሰነጠቀው፣ ጨው ውሃው በእንግዳ ብርጭቆዎች መካከል ፈሰሰ። ልጅቷ ሳህኗን ገፋ አድርጋ አለቀሰች። የባከነውን ጊዜ አስልታዋለች፤ የቀረው ለአንድ ሙከራ ብቻ የሚበቃ ነው። ያም ከከሸፈ ሻንጣዋን ይዛ ወደ ትምህርት ቤቷ ነው።

ባለቤቴ ትጮሃለች ብዬ ትከሻዬን ሰብስቤ ጠበቅኩ። አልጮኸችም። ብርጭቆዎቿን አንድ በአንድ አውጥታ አጠበች፣ ቡፌውን ወለወለች፣ ከዚያ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጣ እንዝርቷን አነሳች። እሷ ተከታታይ ድራማ ስታይ ትፈትላለች፤ ድራማው ካሳዘናት ክሩ ይቀጥናል፣ ካናደዳት ይወፍራል። በማግሥቱ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ አንዲት ትንሽ መረብ አገኘን። ፈትሏን ደራርባ ገምዳ፣ አንድ እንቁላል ብቻ የምትይዝ አድርጋ ጥቅጥቅ አድርጋ ጎንጉናት፣ ከላይ ረጅም ማንጠልጠያ አውጥታላታለች።

"ይቺ አትጥልም" አለች። "ልጅ ብታስተኙባትም አትጥልም።"

ልጅቷ አቅፋ ሳመቻት። እኔም መረቧን ተቀበልኩ፤ ወደ መስኮቱ ወስጄ በብርሃን አየኋት፣ በአውራ ጣቴ ፈተግኳት፣ ጋዋን እንደለበሰ ሰው ራሴን ነቀነቅኩ።

"ጥሩ ጥጥ ነው" አልኩ።

ልብ በሉልኝ። ጥሩ ጥጥ ነው፣ አልኩ።

ከሳሪስ ሌላ ጠርሙስ ገዛንና አመድማውን ድንጋይ በመረቧ ሰቀልነው። ከዚያ የተከተሉት ሳምንታት፣ እግዜር ይይልኝ፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ካሳለፍኳቸው ሁሉ የሚጥሙ ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ልጅቷ ቡፌው ፊት በርከክ ትላለች፤ እኔ ወንበር ላይ። በወረንጦ ትንንሾቹን የሚዛን ድንጋዮች አንስታ ሳህኑ ላይ ታስቀምጣለች። እኛ አገር ክብደት መመዘኛውንም ድንጋይ እንለዋለን፤ ስለዚህ "ድንጋይ ያቀብሉኝ ጋሼ" ስትለኝ አንዳንዴ ተመዛኙን እንጂ መመዘኛውን የጠየቀችኝ አይመስለኝም ነበር፤ ሆን ብዬ አንዴ የወጥ ቤቱን የነጭ ሽንኩርት መውቀጫ አቀበልኳት።

"ጋሼ፣ ትንፋሽዎን ይያዙ! ሚዛኑ እየተወዛወዘ ነው።"

"ከያዝኩት ቆየሁ።"

"እሺ ሆድዎን ከቡፌው ያርቁት።"

"እሱ በራሱ ፈቃድ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ ለሱ ንገሪው።"

ባለቤቴ ከወጥ ቤት "ስንት ደረሰ?" ትላለች። መጀመሪያ ላይ ለማሾፍ ነበር የምትጠይቀው፤ በኋላ በኋላ የምሯን ሆነ። ድንጋዩ ጠጣ ሲባል ደስ ይላታል፤ መረቧ ውስጥ የተኛ ሕፃን ጡት ያዘ የተባለች ይመስል።

ድንጋዩ ደግሞ ጠጣ! አየሩን ባረጠብነው ቁጥር ይጠጣል። መስመሩ ወረቀት ላይ ሽቅብ ወጣ፤ ስንመለስ ደግሞ የመመለሻው መስመር ከመሄጃው ከፍ ብሎ፣ ልክ መጽሐፍ እንደሚለው እየተንቀረፈፈ ወረደ። ልጅቷ ፎቶ አንስታ ለአማካሪዋ ላከችው። መልሱ አጭር ነበር፤ "ቆንጆ ነው። ግን በጣም በዛ። እርግጠኛ ነሽ?"

ከዚህ መልስ በኋላ ቤታችን ተለወጠ። ልጅቷ መሳቅ ተወች። ሒሳቡን ደጋግማ ታያለች፣ ስህተት አታገኝም፤ ሚዛኑን ትፈትሻለች፣ ደህና ነው። ምግብ ላይ ብቀልድ "እ?" ትለኛለች። ሰው ቀልዴን ሳይሰማው ሲቀር እኔ እታመማለሁ። በመጨረሻ ከመጀመሪያዎቹ ልኬቶች አንዱን ለመድገም ወሰነች፤ ድንጋዩ አሁንም ያንኑ ያህል ከጠጣ ልታምን፣ ካልጠጣ ግን... ካልጠጣ የሚለውን አልጨረሰችውም።

የዚያን እሑድ ከሰዓት ወረቀት ልታሳትም ሳሪስ ወረደች። ቤቱ ውስጥ እኔና ሰይጣኔ ብቻ ቀረን። ከፋብሪካው በማስታወሻነት ይዤው የመጣሁት የብርጭቆ ውታፍ አለኝ፤ ቡናማ፣ ድብልብል፣ የአሲድ ጠርሙስ የሚወተፍበት። ድንጋዩን ከመረቧ አወጣሁ፣ ውታፉን አስገባሁ። የክብደቱን ልዩነት በሚዛን ድንጋዮች አስተካክዬ መርፌው መሐል እንዲቆም አደረግኩ፤ ከመስቀሌ በፊትም ከነመረቧ በምድጃ ሞቅ አድርጌ አድርቄዋለሁ፤ ለቀልድ እንኳ ሥርዓት አለው። መረቧ ጥቅጥቅ ያለች ስለሆነች ውስጧ ያለው አይለይም። ብርጭቆ አይጠጣም። ጠዋት ስትመዝን ምንም አልጠጣም፤ ስትደነግጥ፣ "ድንጋዩ ጾም ይዟል" ልላት፣ ከዚያ ውታፉን አውጥቼ ሳሳያት ልትስቅ። ደጋግሜ ተለማመድኩት።

ጠዋት ሆነ። በርከክ አለች። እኔ ወንበሬ ላይ ሳቄን በጉንጬ ይዤ ተቀመጥኩ። አንድ ትንሽ ድንጋይ ጨመረች። ሌላ ጨመረች። ሌላ።

"ጠጣ" አለች፤ በረጅሙ ተነፈሰች።

"ምን?"

"ጠጣ እኮ ነው የምልዎት። ልክ እንደ መጀመሪያው፤ ትንሽ ብቻ ያንሳል።"

"ሊጠጣ አይችልም።"

"ለምን?"

"ብርጭቆ ነዋ!"

ዘወር ብላ አየችኝ። መረቧን ከጠርሙሱ አወጣችና ገለበጠቻት፤ ውታፉ መዳፏ ላይ ዱብ አለ። እኔ መሳቅ የነበረብኝ እዚህ ላይ ነበር። ሁለታችንም ውታፉን አየነው። ከዚያ ሁለታችንም መረቧን አየናት።

"ጥጥ" አልኩ።

አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ በር ጠብቆ፣ ሌባውን አንድ ቀን እጁን ይዞ "ጥሩ ሰው ነው" ብሎ ቤቱ ቢያስገባው፣ እኔ ነኝ ያ ሰው። ፋብሪካው ጡረታዬን ላስመልስ ቢል አልከራከርም ነበር።

ልጅቷ ቡፌው ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠች። "ይሄን ሁሉ ጊዜ ስመዝን የኖርኩት የአክስቴን መረብ ነው" አለች። አላለቀሰችም፤ ይህ ከለቅሶ ይከፋ ነበር። ሻንጣዋ ጥግ ላይ ቆሟል፤ ዓይኗ እዚያ ሄደ።

ከዚያ ቀስ ብላ ቀና አለች።

"ጋሼ፣ ቅድም ምን አልኩ?"

"ጠጣ አልሽ።"

"ከዚያስ?"

"ትንሽ ያንሳል አልሽ።"

"ያቺ ትንሽ የማን ናት?"

አየኋት። አየችኝ። "የድንጋዩ!" አልን አንድ ላይ፤ ባለቤቴ ከመኝታ ቤት "ምን ሆናችኋል እናንተ?" አለች።

መረቧ የጠጣችውን ለብቻዋ ካወቅን፣ ከድምሩ ስንቀንሰው የሚቀረው የድንጋዩ ነው። ግን ለዚህ መረቧን ከነብርጭቆዋ በሁሉም ጨው ላይ፣ ሲሄድም ሲመለስም፣ እንደገና መመዘን ያስፈልጋል። ልጅቷ ጣቶቿን አጥፋ ቆጠረችና "ጊዜ የለም" አለች።

"ድንጋይ ነው የሚንቀረፈፈው" አልኳት። "ጥጥ ችኩል ነው። ዛሬ ብትሰቅይው ጠግቦ ያድራል። ለእያንዳንዱ ጨው አንድ ቀን ይበቃዋል።" ይህንንስ አውቀዋለሁ! በመጨረሻ የማውቀው ነገር ቢዘገይም መጣ።

"ለአክስቴ ግን አንነግራትም" አለች። "ከልቧ ሠርታው..."

ማልኩላት። እኔ ሚስጥር መያዝ ከጀመርኩ ደግሞ ሆዴ ይነፋል።

ባለቤቴ በሁለተኛው ቀን ደረሰችበት፤ ሚስጥሩ ላይ ሳይሆን ውታፉ ላይ። "ድንጋዩስ የት ሄደ?"

"ዕረፍት ወጥቷል" አልኩ።

"እና ብርጭቆ ነው የምትመዝኑት አሁን?"

"ተተኪ ነው።"

አንገቷን ነቅንቃ ሄደች። እንዳላመነችኝ አውቃለሁ፤ እሷ እንዳላመነችኝ ማወቄንም ታውቃለች። እንዲህ ነው የምንኖረው።

ቀናቱ ሲያልቁ ሒሳቡም አለቀ። ድንጋዩ ካሰብነው እጅግ ያነሰ ነበር የጠጣው፤ ግን ጠጥቷል፤ ያውም ከቀዩ ይበልጥ፣ ሁለቱም መስመሮች የራሱ ናቸው። ልጅቷ አዲሱን ለአማካሪዋ ላከች። "አሁን አመንኩሽ" የሚል መልስ መጣ።

ጽሑፏን ፈታኞች ፊት የምታቀርብ ቀን ባለቤቴ እኔም እሄዳለሁ አለች። አዲሱን ነጠላዋን ለብሳ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ እኔ አጠገቧ። ልጅቷ ጥሩ አቀረበች። ከዚያ ከፈታኞቹ አንዱ፣ ቀጠን ያለ ሰውዬ፣ እስኪብርቶውን ወረቀቱ ላይ ተከለ።

"ከሁሉም ልኬት የምትቀንሺው ይህ ምንድን ነው?"

"ድንጋዩ የተሰቀለበት መረብ ነው። የጥጥ ፈትል ስለሆነ እርጥበት ይጠጣል፤ የጠጣውን ለብቻው ለክቼ ቀነስኩት።"

"ጥጥ እንደሚጠጣ እያወቅሽ ለምን በጥጥ ሰቀልሽው?"

ልጅቷ ወደ አክስቷ ሰረቅ አድርጋ አየች። ባለቤቴ አንገቷን ቀና አድርጋ ታዳምጣለች። ልጅቷ ወይ አክስቷን ልታሳፍር፣ ወይ ለፈታኝ ልትዋሽ ነው።

"ናይሎኑ ድንጋዩን ጥሎብኝ ነበር" አለች። "የቀረኝ አንድ ሙከራ ብቻ ስለነበር፣ የማይጥለኝ ነገር ነው የፈለግኩት። ይሄ መረብ አልጣለኝም። እንደሚጠጣ ያኔ አላሰብኩትም፤ ያወቅነው በኋላ በድንጋዩ ምትክ ብርጭቆ አድርገን ስንመዝን ነው።"

"በብርጭቆ ይለወጥ ያለው ማን ነው?"

"እሳቸው" ብላ ወደ እኔ አመለከተች።

ፈታኙ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አየኝ። "ይህ ነው ቁም ነገሩ" አለ። "ምንም የማይጠጣ ነገር ሰቅሎ ማመሳከር። ይህን ሳይሠሩ የሚመጡ ስንት አሉ መሰለዎት።"

ባለኝ ትሕትና ሁሉ ጎንበስ አልኩ። የባለቤቴ አፍ ጆሮዬ ሥር መጣ።

"ልታሾፍባት ነው አይደል የለወጥከው?"

"ዝም በይ፣ ፈተና ላይ ነን።"

አለፈች። ጥቂት አርሚ ተብላ፣ ግን አለፈች።

ወደ ቤት የተመለስነው በሚኒባስ ነው። ልጅቷ መሐላችን ተቀምጣ የአክስቷን ነጠላ ጫፍ በጣቷ ትጠቀልላለች። ቃሊቲ ስንደርስ ባለቤቴ ወደ እኛ ዞረች።

"እና የኔ ፈትል ከድንጋዩ በላይ ጠጣ ማለት ነው?"

"አክስቴ፣ እኔ..."

"አንቺን አይደለም። እሱን ነው የምጠይቀው።"

"እጅግ በላይ" አልኩ።

"አንተ ዕድሜ ልክህን ጥጥ ስትመዝን ኖረህ፣ እጅህ ላይ ሳስቀምጥልህ 'ጥሩ ጥጥ ነው' አልክ።"

"አልኩ።"

መሳቅ ጀመረች። ረዳቱ ዞሮ አየን። ልጅቷም ስትስቅ፣ ያቺ ከአማካሪዋ መልስ ጀምሮ የጠፋችው ሳቋ፣ ሙሉዋን ተመልሳ መጣች። የመስኮቱ መስታወት አልቦት ነበር፤ ባለቤቴ በጣቷ ጠረግ አድርጋ "ይኸው ጋዛችሁ" አለች።

ልጅቷ ዲግሪዋን ይዛ ወደ ትምህርት ቤቷ ተመልሳለች። ሚዛኑን ልመልስ ወደ ላይኛው ፎቅ ስወጣ ወርቅ ነጋዴው በሁለት እጁ ገፋኝ፤ "እርስዎ ጋ ይቆይ ጋሼ፤ ጋዙ ሲገኝ ያስቡኛል" አለ። ስለዚህ ሚዛኑ ዛሬም ቡፌው ውስጥ ነው፤ ጠርሙሱን ብቻ አንስተነዋል። ድንጋዩ መረቧ ውስጥ ሆኖ በባቄላው ቀዳዳ በኩል ተንጠልጥሏል። ባለቤቴ ጠዋት ልብስ ከማጠቧ በፊት ታየዋለች፤ ወደ ታች ከወረደ አየሩ እርጥብ ነው፣ ልብስ አይደርቅም ብላ ትተወዋለች። ቀዳዳውን ግን አልረሳችም።

ልጅቷ በሳምንት አንዴ ትደውላለች። ስልኩን የምታነሳው ባለቤቴ ናት።

"ሚዛኑ ዛሬ ምን ይላል አክስቴ?"

"ዛሬ ጠጥቷል፤ ወደ ታች ነው ያለው።"

"ጋሼስ?"

"እሱማ አይጠጣ፣ አይሰጥ፤ ወንበሩ ላይ ነው" ትላለች ወደ እኔ እያየች። "ያኔ በብርጭቆው ፋንታ እሱን ነበር መስቀል።"